ሮም ላይ አንድ ቀን በእግር፦ ለባልና ሚስት ምን ምን ይደርሳል?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ማርቆስ ነን። በመስከረም መጨረሻ ከባለቤቴ ጋር ወደ ሌላ አገር ስናልፍ ሮም ላይ አንድ ቀን እናገኛለን፤ ማለዳ ፊውሚቺኖ አርፈን ማታ እንነሣለን። የሸንገን ቪዛችን ወጥቷል፣ ሻንጣው በቀጥታ ያልፋል፣ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የምንይዘው። ታክሲ ሳናበዛ በእግር ምን ምን ማየት ይቻላል? ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ የጾም ምግብም ጠቁሙን።

የጮቄ ነፋስ፦
እንኳን ቪዛው ወጣላችሁ። ከሁሉ በፊት የኮሎሲየሙን ትኬት በኢንተርኔት ቁረጡ፤ እሱ ካለቀ አለቀ። ለአንድ ሰው 18 ዩሮ ነው፣ የጥንቱን የሮም አደባባይ ፍርስራሽ፣ ፎረሙንና የፓላቲኖ ኮረብታንም ይጨምራል። ትኬቱ ላይ ስም አለበት፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያመሳክሩታል። የኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ካርድ ያለው ዘመድ ሲቆርጥላችሁ እንደ ፈረንጆቹ ባልና ሚስትን በአንድ የቤተሰብ ስም ያስገባል፤ የባለቤትህ ፓስፖርት ላይ ያለው ግን የራሷ አባት ስም ነው። የሁለታችሁንም ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ላይ ገልብጣችሁ ላኩለት።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። ትኬቱ ላይ 10:30 ካለ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:30 ነው። በዚያ ወቅት ሮም ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ስልካችሁን እንዳረፋችሁ አስተካክሉ። ከ4:30 የቀደመውን አትያዙ፤ የአውሮፕላን ማረፊያው የፓስፖርት ሰልፍ የሚወስደው ጊዜ አይታወቅም። የጠርሙስ ዕቃና ትልቅ ቦርሳ ኮሎሲየም አያስገቡም።

ግሽ ዓባይ፦
መንገዱን እኔ ልንገራችሁ። አብዛኛው ሰው 14 ዩሮ ከፍሎ በሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ባቡር በ32 ደቂቃ ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ይገባል። ለእናንተ ግን 8 ዩሮ የሚከፈልበት ኤፍ ኤል 1 ባቡር ይሻላል። ቴርሚኒ አይደርስም፤ ኦስትየንሴ ውረዱና አጠገቡ ካለው ፒራሚዴ በሜትሮ ቢ አንድ ፌርማታ ሂዱ፣ ቺርኮ ማሲሞ ማለት ነው። የሜትሮ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው። የባቡሩ ትኬት ወረቀት ከሆነ ሳትሳፈሩ መምቻ ማሽኑ ላይ ምቱት፤ ያልተመታ ትኬት ቢከፈልበትም ያስቀጣል።

ከሜትሮው ስትወጡ የምታዩት ትልቅ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ የተሠራው ግን ለኢጣሊያ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) የቆመው ከፊቱ ባለው አደባባይ ላይ ነው። 24 ሜትር ድንጋይ የነበረበትን ባዶ ቦታ ቆሞ ማየት ተገቢ ነው፤ አሥር ደቂቃ ስጡት። ከዚያ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ቀጥ ብላችሁ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ኮሎሲየም ትደርሳላችሁ።

ለኮሎሲየምና ለፎረሙ ሦስት ሰዓት ያዙ። በፒያሳ ቬኔሲያ በኩል ወደ ትሬቪ ፋውንቴን፣ ከትሬቪ ወደ ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን አጫጭር መንገዶች ናቸው። ትሬቪ ሰው ይበዛበታል፣ አይታችሁ እለፉ። ፓንቴዮን 5 ዩሮ ነው፤ የጣሪያው ጉልላት ስፋት 43 ሜትር ሲሆን አናቱ ክፍት ነው፣ ዝናብ ሲገባ ወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወርዳል።

ጊዜያችሁን ያዙልኝ የምለው ለፒያሳ ናቮና ነው፤ ከፓንቴዮን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። መሐል ላይ የአራቱ ወንዞች ፋውንቴን አለ። ከአራቱ ግዙፍ የድንጋይ ሰዎች ራሱን የተሸፈነውን ፈልጉ። ጨርቁ እንደ ነጠላ አናቱ ላይ ተጥሎ ፊቱን ጋርዶታል። ዓባይ ነው። ቀራፂው በርኒኒ በ1651 (እ.ኤ.አ.) ሲጨርሰው የወንዙ ምንጭ አይታወቅም ተብሎ ነው የተሸፈነው። የስፔኑ ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን ከዚያ 33 ዓመት በፊት፣ በ1618፣ ሰከላ ላይ ምንጩን ቆሞ አይቶታል፤ የአገሩ ሰውማ ከሱ በፊትም ጠበሉን ሲጠጣ የኖረ ነው። ከጎጃም ለሄደ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር ሮም ውስጥ የለም እላለሁ።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይኸን አላውቅም ነበር። ቫቲካንንስ እንጨምር ወይ? ምግቡስ?

የጮቄ ነፋስ፦
ቫቲካንን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ ሲቀበሉ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ዝግ ነው፣ ከሰዓት ደግሞ የፍተሻው ሰልፍ ረጅም ነው። የሐበሻ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረው ቅዱስ እስጢፋኖስም ከባዚሊካው ጀርባ በቅጥሩ ውስጥ ነውና ለመንገደኛ አይከፈትም። ወደ ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ለጾም ፒሳ ማሪናራ እዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ፓስታ አራቢያታ አለ፤ አይብ ሊነሰንሱበት ስለሚችሉ «ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ። ቡና «ኡን ካፌ» ነው፣ ማኪያቶ ካላችሁ ወተት አለበት። ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ወንበር ይዞ ከመጠጣት ይረክሳል።

ግሽ ዓባይ፦
ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ የብረት ቧንቧዎች ያለማቋረጥ ይፈሳሉ፤ ናዞኒ ይሏቸዋል፣ ንጹሕ ነው። አፉን በጣት ስትደፍኑት ላዩ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ሳታጎነብሱ ትጠጣላችሁ።

ጫማ ለጉዞው ብላችሁ አዲስ አትግዙ። መንገዱ ትናንሽ ጥቁር ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ የሴት ጫማ ተረከዝ በስንጥቁ ይያዛል። አንድ ወር የተለመደ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ይሁን። የስፔን ደረጃዎች ድረስ ከሄዳችሁ አትቀመጡባቸው፣ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስቀጣል።

ማታ ከናቮና አጠገብ ካለው ኮርሶ ቪቶሪዮ መንገድ 64 ቁጥር አውቶቡስ ቴርሚኒ ያደርሳችኋል። ኪስ አውላቂ የሚበዛበት መስመር ስለሆነ ፓስፖርታችሁን ከልብስ ሥር አድርጉ። ከቴርሚኒ በሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ተመለሱ፤ በረራው ከመነሣቱ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ፊውሚቺኖ ሁኑ።