በወር 10 ደቂቃ የኳንተም ማሽን ይዞ የ9 ወር ምርምር እንዴት ይመራል?

ፔዳ_ፊዚክስ
ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አራት ነን፤ ሁለታችን ከፔዳ ካምፓስ ፊዚክስ፣ ሁለቱ ከፖሊ ካምፓስ ኮምፒውተር ሳይንስ። ርዕሳችን የሊቲየም ሃይድራይድ ሞለኪውልን ዝቅተኛ ኢነርጂ በቪኪውኢ (የኳንተም ማሽንና ተራ ኮምፒውተር እየተቀባበሉ ዝቅተኛውን ኢነርጂ በሚፈልጉበት ዘዴ) ማስላት ነው። በእጃችን ያለው 16 ጊጋባይት ራም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖችና የአይቢኤም ነፃ አካውንት ነው። ዕቅዱን «3 ወር ንባብ፣ 3 ወር ኮድ፣ 2 ወር በማሽኑ ማስኬድ፣ 1 ወር መጻፍ» ብለን ስናቀርብ አማካሪያችን «የማሽን ጊዜው ስሌት የታለ?» ብለው መለሱልን። ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሰላው? መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥስ ምን ይደረጋል?

ጣና_ኩቢት
አማካሪያችሁ ልክ ናቸው። ዕቅዱ ከወር ሳይሆን ከሾት (ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ አስኪዶ መለካት) ቆጠራ ነው የሚጀምረው።

ሞለኪውሉ በትንሹ የቤዚስ ስብስብ (ኤሌክትሮኖቹ በሚገለጹባቸው ፈንክሽኖች) ሲጻፍ 12 ኩቢት (የኳንተም ቢት) እና 631 የፓውሊ ቁራጮች (ተለክተው ተደምረው ኢነርጂውን የሚሰጡ ክፍሎች) ይወጣዋል። ይህን ለማሽኑ አትስጡት። የውስጥ ኤሌክትሮኖቹን አስራችሁ፣ የማያስፈልጉ ኦርቢታሎችን ጥላችሁ፣ በሲሜትሪ ሁለት ኩቢት ስትቀንሱ ወደ 4 ኩቢትና 100 ቁራጮች ይወርዳል። አብረው የሚለኩት ሲቦደኑ 25 ያህል የልኬት ቡድን ይሆናሉ።

አሁን አስሉ። በአንድ ሾትና በሚቀጥለው መካከል ማሽኑ በተለምዶ 250 ማይክሮሰከንድ ይጠብቃል። 25 ቡድን በ4,000 ሾት 100,000 ሾት ነው፤ ይህም 25 ሰከንድ። ይህ እንግዲህ የአንድ ኢነርጂ ዋጋ ብቻ ነው። ኦፕቲማይዘሩ (ፓራሜትሮቹን እየቀያየረ ዝቅተኛውን ኢነርጂ የሚፈልገው ፕሮግራም) ኤስፒኤስኤ የሚባለው ከሆነ በየዙሩ ሁለት ዋጋ ይጠይቃል፣ 50 ሰከንድ። 200 ዙር ብትሉ 10,000 ሰከንድ፤ የወሩ ድርሻችሁ 600 ሰከንድ ነውና ከ16 ወር በላይ! ያልተጠቀማችሁበት ደቂቃ ደግሞ ለሚቀጥለው አይተላለፍም። በነፃው አካውንት ሴሽን የሚባለው (ማሽኑን ለተከታታይ ሥራዎች ይዞ የማቆየት) አሠራር ስለሌለም እያንዳንዱ ዙር እንደገና ወረፋ ይይዛል።

ስለዚህ ፓራሜትሮቹን በሲሙሌተር (ማሽኑን በላፕቶፕ በሚያስመስል ፕሮግራም) ፈልጉ፤ ማሽኑ ላይ የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ ለኩ። በአቶሞቹ መካከል ያለውን ርቀት እየቀያየራችሁ 10 ነጥብ ብትለኩ 250 ሰከንድ ነው፤ በየሥራው የሚጨመረውን ጥቂት ሰከንድ ይዞም በአንድ ወር ድርሻ ውስጥ ይገባል። ዜድኤንኢ የሚባለውን የስህተት ማቃለያ በ1፣ 3፣ 5 የጩኸት (የማሽን ስህተት) እጥፍ ከጨመራችሁ ግን ሦስት ጊዜ ነው የምትለኩት፤ 750 ሰከንድ ይሆናል፣ ከአንድ ወር ድርሻ ስለሚያልፍ ነጥቦቹን ቀንሱ። ከዚያ በፊት በሃይድሮጅን ሞለኪውል ጀምሩ፦ 2 ኩቢት፣ 2 የልኬት ቡድን፣ 2 ሰከንድ። የትራንስፓይል (የኳንተም ፕሮግራሙን፣ ማለትም ሰርኪቱን፣ ለማሽኑ እንዲስማማ የመተርጎም) ስህተትና የኩቢት ቅደም ተከተል መምታታት እዚያው በርካሽ ይያዛል።

የላፕቶፑ ነገር ቀላል ነው። ያለ ጩኸት ሙሉው የኩቢት ሁኔታ 2 በኩቢቱ ቁጥር ልክ ከፍ ተብሎ በ16 ባይት ሲባዛ ነው፤ 28 ኩቢት 4 ጊጋባይት፣ 30 ኩቢት 16 ጊጋባይት። ጩኸት ከጨመራችሁና ዴንሲቲ ማትሪክስ (ጩኸቱን ጭምር የሚይዝ ሠንጠረዥ) ከሆነ 14 ኩቢት ብቻውን 4 ጊጋባይት ይወስዳል። ለ4 ኩቢት ስጋት የላችሁም።

ፔዳ_ፊዚክስ
እግዜር ይስጥልን። አራታችንም አካውንት አለን፤ 40 ደቂቃ አድርገን ብንቆጥረውስ?

ጣና_ኩቢት
ለተለያየ ሥራ አዎ። አንዱን የኢነርጂ መስመር ግን ለአራት አትቆራርሱት። ማሽኖቹ በየጊዜው ካሊብሬት ይደረጋሉ (ተለክተው ይስተካከላሉ)፤ ቲ1፣ ቲ2 (ኩቢቱ መረጃውን ይዞ የሚቆይባቸው ጊዜያት) እና የጌት (በኩቢት ላይ የሚደረግ አንድ እርምጃ) ስህተቱ ከቀን ቀን ይለዋወጣል። አምስቱን ነጥብ ሰኞ በአንዱ ማሽን፣ አምስቱን ሐሙስ በሌላው ብትለኩ መሃል ላይ የምታዩት እጥፋት የሞለኪውሉ ይሁን የማሽኑ መለየት አትችሉም። 10ሩንም ነጥቦች በአንድ ባች (ጥቅል) ላኩ።

ሽምብጥ_ኮድ
መብራቱን በተመለከተ፦ የተላከ ሥራ እናንተ ጋ መብራት ቢጠፋም እዚያ ይቀጥላል። የሚጠፋው መለያ ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ኮዱ ሥራውን እንደላከ፣ ውጤት ሳይጠብቅ፣ መለያውን ፋይል ላይ ይጻፍ፤ ኔት ሲመለስ በእሱ ውጤቱን ታወጣላችሁ። በላፕቶፕ የሚሄደው ኦፕቲማይዘር ግን መብራት ሲሄድ (ባትሪው ከደከመ) አብሮ ይሞታል። በየዙሩ ፓራሜትሮቹን፣ የዙሩን ቁጥርና የራንደም ሲዱን (የዘፈቀደ ቁጥሮቹን መነሻ) አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ሥራ የማስኬጃ ጊዜ ጣሪያም አስቀምጡለት፤ በአንድ የተሳሳተ ሉፕ የወሩ 10 ደቂቃ ሙልጭ ሊል ይችላል።

ሌላው ሰዓት ነው፣ ሰው የሚንቀው ግን ብዙ የሚያምታታ። የማሽኑ መዝገብ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። ዩቲሲ 9፡00 ሲል ባሕር ዳር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 3 ትቀንሳላችሁ፣ ላፕቶፑ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ 3 ትደምራላችሁ። አንዱ ቀንሶ ሌላው ደምሮ ከጻፈ የ6 ሰዓት ልዩነት ይመጣል፣ ውጤቱም ከተሳሳተ ካሊብሬሽን ጋር ይጣመራል። የፋይል ስም ላይ ዩቲሲና የፈረንጅ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብቻ። ለስብሰባ መስከረም ጥቅምት በሉ፣ ችግር የለውም።

ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር የሚቀመጠው፦ መለያው፣ የማሽኑ ስም፣ የዚያን ሰዓት ካሊብሬሽን፣ ትራንስፓይል የሆነው ሰርኪት፣ የተመረጡት ኩቢቶች፣ የሾት ብዛት፣ የፓኬጆቹ ቨርዥን።

ቀበሌ_14
ቨርዥን ካነሳችሁ፦ ኪስኪት (የአይቢኤም የኳንተም ፕሮግራሚንግ ፓኬጅ) 1.0 በፈረንጅ 2024 ከወጣ በኋላ የድሮ ትምህርቶች ኮድ አብዛኛው አይሠራም። ኤክሲኪዩት የሚባለው ትእዛዝ ወጥቷል፣ ሲሙሌተሩ ኤር ለብቻው ይጫናል። በድሮው ላይ አፕግሬድ አታድርጉ፣ ይጋጫል፤ አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ክፈቱ። በመጀመሪያው ሳምንት ቨርዥኑን ቆልፉና ፓኬጆቹን አውርዳችሁ በፍላሽ ለአራታችሁም አዳርሱ፤ ኔት በጠፋ ቀንም ሥራ አይቆምም።

የሥራ ክፍፍሉን «ፔዳ ቲዎሪ፣ ፖሊ ኮድ» ብላችሁ እንዳትለያዩት። ኪስኪት ኩቢት 0ን በቀኝ ጫፍ ይጽፋል፣ ብዙ የፊዚክስ መጻሕፍት በግራ። አንዱ ወገን ሃሚልቶኒያኑን (የኢነርጂውን ቀመር) ሲያስረክብ ሌላው ገልብጦ ያነበዋል፤ ኮዱ ያለምንም ስህተት ይሮጣል፣ ኢነርጂው ግን ውሸት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ 4 ኩቢት 16 በ16 ማትሪክስ ስለሆነ ትንሹን አይገንቫልዩ (ትክክለኛውን ዝቅተኛ ኢነርጂ) በቀጥታ አስሉና የቪኪውኢውን ከእሱ ጋር አስተያዩ። ሲሙሌተሩ ከእሱ በ1.6 ሚሊሃርትሪ (የኢነርጂ መለኪያ) ውስጥ ካልገባ ማሽኑን አትንኩ።

ሰርኪቱንም አሳጥሩት። የሁለት ኩቢት ጌት ስህተት 0.5 በመቶ ቢሆን በ100 ጌት ሳይሳሳት የሚያልፈው 60 በመቶ ገደማ ነው። አራት ጎን ለጎን ያሉ ኩቢቶች በሰንሰለት፣ ሁለት ንብርብር፣ 6 የሁለት ኩቢት ጌት፤ ስዋፕ (የሁለት ኩቢቶችን ቦታ የሚያቀያይር ጌት) አይጨመርም። በምርምር ወረቀቶች የታወቀውን የኬሚስትሪ ሰርኪት በ12 ኩቢት ልሥራ ካላችሁ ግን ጌቱ በሺዎች ነው፣ የሚመለሰው ጩኸት ብቻ።

ፔዳ_ፊዚክስ
ገባን። ሃይድሮጅንን ለሁለተኛው ወር አምጥተን፣ የማሽን ልኬቱን ከ4ኛው እስከ 7ኛው ወር በትነን እንደገና እናቀርባለን። የሾት ሠንጠረዡን እዚህ ስለጥፍ እባካችሁ እዩልን።

ጣና_ኩቢት
ለጥፈው። አንድ ዓምድ አትርሳ፦ የስህተት ወሰን። በ4,000 ሾት የአንድ ፓውሊ ልኬት እስከ 0.016 ይዋዥቃል፤ በግማሽ ለማውረድ ሾቱን አራት እጥፍ ማድረግ ነው፣ ደቂቃውም አራት እጥፍ።