ሳይኮዳይናሚክ የንግግር ሕክምና ልጀምር ነው፤ ምን ልጠብቅ?

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የ36 ዓመት ሰው ስሆን ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። አባቴ ካረፉ በመጪው ወር ሁለት ዓመት ይሞላቸዋል። በቀብራቸውም ሆነ በአርባቸው ዕለት እንባ አልወጣኝም፤ ሰዉም ጽናቴን አደነቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል እየከበደኝ እነቃለሁ፤ አለቃዬ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ ባደረጉ ቁጥርም እጄ ይንቀጠቀጣል። ልቤን የመረመረኝ ሐኪም ጤነኛ መሆኑን አረጋግጦ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መራኝ፤ እርሳቸውም የሚሠሩት በሳይኮዳይናሚክ መንገድ መሆኑንና በሳምንት አንድ ቀን ለ50 ደቂቃ እንደምንገናኝ በስልክ ነገሩኝ። የመጀመሪያ ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ ከሥራ በኋላ ስታዲየም አካባቢ ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? ባለሙያው ብዙ አይናገሩም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ደግሞ ወሬ የማበዛ ሰው አይደለሁም። ስለ አባቴ የማይወደድ ነገር ብናገር ሙት መውቀስ አይሆንብኝም? ከነፍስ አባቴ ጋር ከምነጋገረውስ በምን ይለያል? እስከ መቼ እንደሚቀጥልና ምስጢሬ ምን ያህል እንደሚጠበቅም ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከአራት ኪሎ)

በመጀመሪያ የአባትዎን ነፍስ ይማርልን። እኔ በዚሁ መንገድ ሦስት ዓመት ታክሜአለሁ፤ ያየሁትን ልንገርዎ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀጠሮዎች የትውውቅ ናቸው። ስለ ቤተሰብዎ፣ ስለ ልጅነትዎ፣ ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት፣ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቁ እንደሆነም ጭምር ይጠየቃሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም እዚህ ላይ ነው። የተዘጋጀ ርእስ የለም፣ የቤት ሥራም አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም፤ ወደ አእምሮዎ የመጣውን ሁሉ፣ ነውር ወይም ዋጋ ቢስ የመሰለዎትን ሳይቀር፣ መናገር ነው ሥራው። ወሬ የማያበዛ ሰውም ይችለዋል፤ ጨዋታ አዋቂነት አይጠይቅምና።

እኔ ለአምስት ሳምንት ያህል በገባሁ ቁጥር "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" እያልሁ ስለ ሥራዬ ብቻ አወራ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ባለሙያዬ ረጋ ብለው "ደህና ነኝ ስትዪ የቦርሳሽን ማንገቻ ታጠብቂዋለሽ" አሉኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ማንገቻው እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ለሰው ሁሉ የምሰጠው ሰላምታ መሸሸጊያዬ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዝምታውን በተመለከተ፣ እኛ ቤት ዝምታ ማለት ኩርፊያ ነበር፤ ስለዚህ ባለሙያዬ ዝም ባሉ ቁጥር ያስቀየምኋቸው እየመሰለኝ ተጨንቄአለሁ። ጭንቀቴን ደፍሬ ስነግራቸው ስለ እናቴ የሳምንታት ኩርፊያ መነጋገር ጀመርን፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ጉዳይ ለማንም አንስቼው አላውቅም። እርስዎም ዝምታው ከከበደዎ "ዝምታው ከብዶኛል" ይበሉ።

መልስ (ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት፣ ከሜክሲኮ)

ከአራት ኪሎ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ እኔ ለምን እንዲህ እንደሚሠራ ልጨምር።

የዚህ ሕክምና መነሻ የቪየናዎቹ ሐኪሞች ዮሴፍ ብሮየርና ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1895 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። በዚያ ውስጥ "አና ኦ." በሚል የተሸሸገ ስም የተጠቀሰችው ወጣት ሕክምናውን "በንግግር መዳን" ብላ የሰየመችው ራሷ ናት፤ ሕመሟ የጀመራትም አባቷን ስታስታምም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን እየተመላለሱ ድንክ አልጋ ላይ ተጋድመው የሚናገሩበት ሳይኮአናሊሲስ ሲሆን፣ እርስዎ የሚጀምሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የሚደረገውን ነው። ዋናው ሐሳብ ግን አልተለወጠም፤ ያልታዘነ ሐዘንና ያልተነገረ ቁጣ ከእኛ ተሰውሮ በሰውነታችንና በግንኙነቶቻችን በኩል ይወጣል ይላል።

በአለቃዎ ፊት የሚንቀጠቀጠው እጅዎ ለዚህ ምሳሌ ሊሆን ይችላል፤ "ነው" ብዬ አልደመድምም፤ ያንን የሚደርሱበት እርስዎና ባለሙያዎ አብራችሁ ነው። ቀድሞ ለአንድ ሰው የነበረን ስሜት ሳናውቀው በሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ባለሙያዎች ትራንስፈረንስ ይሉታል። ይኸው ነገር በሕክምናው ክፍልም መከሰቱ አይቀርም፤ ባለሙያው ሰዓት ቢያዩ እንደተሰለቹብዎ፣ ማስታወሻ ቢጽፉ እንደከሰሱዎ ሊሰማዎት ይችላል። እንዲህ ያለውን ስሜት በይሉኝታ አይዋጡት። በእኛ ባህል ለረዳ ሰው ቅሬታን መንገር ውለታ ቢስነት ስለሚመስል እጅግ ይከብዳል፤ ሆኖም በዚህ ሕክምና ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ንግግር ብዙውን ጊዜ ያ ነው።

ስለ ቆይታው፣ አጭሩ ዓይነት ከ16 እስከ 24 በሚደርሱ ቀጠሮዎች ይጠናቀቃል፤ ረጅሙ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በየትኛው እንደሚሠሩ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐዘኑ ሊቀሰቀስና ሕልም ሊበዛ ይችላል፤ ይህ ሕክምናው አለመሥራቱን አያሳይም። ጆናታን ሼድለር የተባሉት አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት የምርምሮች ግምገማ፣ የዚህ ሕክምና ጥቅም ቀጠሮው ካበቃ በኋላም መጨመሩን እንደሚቀጥል አሳይቷል።

የሚናገሩት በምስጢር ይያዛል፤ በእርስዎ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲያንዣብብ ግን የተለየ እርምጃ ሊወሰድ ስለሚችል፣ ወሰኑ የት እንደሆነ በግልጽ እንዲነገርዎ ይጠይቁ። መንገድ ላይ ቢገናኙ ባለሙያው ቀድመው ሰላም ላይሉዎት ይችላሉ፤ ምስጢርዎን እየጠበቁ ነውና አይቀየሙ። ራስዎን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ ሐሙስን አይጠብቁ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል በዚያው ሰዓት ይሂዱ። የአማኑኤል ስም በከተማችን ለስድብ መዋሉ ብዙ ሰው እርዳታ እንዳያገኝ አድርጓልና ይህ እርስዎን ሊያግድዎ አይገባም።

ከነፍስ አባትዎ ጋር የሚደረገውን አይተካም፣ አይቃረንምም። በንስሐ ኃጢአት ይነገራል፣ ቀኖና ይሰጣል፤ እዚህ ማንም አይፈርድብዎትም፣ ማንም አይፈታዎትም፤ የተሰማዎት ነገር ከየት እንደመጣ ይመረመራል። አባትን መውደድና በአባት መቆጣት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉና ቁጣዎን መናገር ሙት መውቀስ አይደለም።

መልስ (ከፒያሳ)

እኔ ስለ ማቋረጥ ልናገር። መጀመሪያ የሄድሁባቸውን ባለሙያ በአራተኛው ቀጠሮ በስልክ መልእክት ብቻ ተሰናብቼ ቀረሁ፤ ምክንያቴ "አልተስማማኝም" የሚል ነበር። አሁን ካሉት ጋር ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ባለፈው ጊዜ በጳጉሜንና በአዲስ ዓመት ሳምንት እንደማይኖሩ ከወር በፊት ሲነግሩኝ ምንም አልመሰለኝም። በመስከረም ስመለስ ግን 20 ደቂቃ ዘገየሁና በመንገዱ መጨናነቅ አሳበብሁ። እርሳቸውም "በምን መጣህ?" አሉኝ። በእግሬ ነበር የመጣሁት። ሁለታችንም ዝም አልን፤ ቀጥዬም ትተውኝ ስለሄዱ መናደዴን ነገርኋቸው፤ አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ይህን ስናገር ድምፄ እንደ ልጅ ተንቀጥቅጦ ነበር። ያን ዕለት የተናገርሁት ከዚያ በፊት ከነበሩት ወራት ሁሉ ይበልጥብኛል። ስለዚህ ላቁም የሚል ሐሳብ ሲመጣብዎ በስልክ ሳይሆን እዚያው ወንበር ላይ ይናገሩት። በእርግጥም የማይስማሙ ባለሙያ አሉ፤ ያንንም ቢሆን ፊት ለፊት ተነጋግሮ መለየት ይሻላል።

መልስ (ከለገሐር)

ክፍያውን፣ የቀሩበት ቀን ይከፈልበት እንደሆነና ስንት ቀን ቀድመው ማሳወቅ እንዳለብዎ አስቀድመው ይወቁ። ዘግይተው ቢደርሱም ቀጠሮው በሰዓቱ ያበቃል። በዚያ ሰዓት ታክሲ ወረፋ ከሚቆሙ ከካዛንቺስ በእግርዎ ቢወርዱ ይሻላል፤ ሲወጡም በቀጥታ ወደ ቤት ከመሮጥ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይጠቅማል። እኔ ከቀጠሮ ወጥቼ ወዲያው ስልክ ሳነሣ ከቤተሰብ ጋር እጋጭ ነበር።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ባለሙያዋ በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱ ይመስላሉ፤ በስልክ "እርስዎ" ተባብለናል፤ እንዲሁ ልቀጥል ወይስ "አንቺ" ልበል? ሌላው፣ የአባቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ከሐሙስ ቀጠሮዬ በአንዱ ላይ ሊውል ነው፤ መቅረቴ በመጀመሪያው ወር ጥሩ አይመስልም ብዬ ሰጋሁ።

መልስ (ከአራት ኪሎ)

እኔ "እርስዎ" ብዬ ጀምሬ ዛሬም እንዲሁ ነኝ፤ እርሳቸው ግን ፈቃዴን ጠይቀው "አንቺ" ይሉኛል። አንዳንዴ እጅግ የሚያመኝን ነገር ለመናገር ወደ እንግሊዝኛ እንደምሸሽም አስተውለውብኛል። የሚቀልልዎትን ይምረጡ፤ አንድ ቀን በድንገት "አንቺ" ቢያመልጥዎ ግን ይቅርታ ጠይቀው አይለፉት፣ ይነጋገሩበት።

መልስ (ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት፣ ከሜክሲኮ)

በሙት ዓመቱ ቀን መቅረት ምንም ነውር የለበትም፤ ቀኑን ግን ለመቅረት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሠራተኛ ብቻ አይንገሯቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት በኋላ መድረስ የሚችሉ ከሆነ ሰዓቱ ይሸጋሸግ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልሆነም ቀኑ ከመድረሱ በፊት ባለው ሐሙስ ስለ ድግሱ፣ ማን እንደሚመጣ፣ በቀብሩ ዕለት የት ቆመው እንደነበር ያውሯቸው። የመጀመሪያውን ቀን በምን ልጀምር ብለው ከተጨነቁም፣ እዚህ የጻፉትን "ሰዉ ጽናቴን አደነቀ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይዘው ይግቡ።