ቴርሞስታት ይውለቅ ወይስ ይኑር? የአሮጌ መኪና ሙቀት ክርክር

አስጀማሪ፦ አሮጌ መኪና ሲግል የብዙ ጋራዥ የመጀመሪያ መልስ "ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው" ነው። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ተዘግቶ ቆይቶ፣ ሲሞቅ ውሃው ወደሚቀዘቅዝበት ራዲያተር እንዲያልፍ የሚከፈት ትንሽ ዕቃ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ በእጃችን ያለውን ይዘን መቆየታችን አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው። ይሄ ጥገና ነው ወይስ ማበላሸት? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሳይመረመር ማውለቅ ስህተት ነው። የምትቃወሙ ኑ፣ እንነጋገር።

የሚኒባስ ሹፌር፦ እኔ እቃወማለሁ። ወንድሜ፣ ዓባይ በረሃን ታውቀዋለህ? ከጎሃ ጽዮን ወርደህ ወደ ደጀን ስትወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ነው። ሰው ሞልተህ፣ በከባድ ማርሽ፣ በዚያ ፀሐይ። መሃል ላይ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቢቀር ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። ማስተካከያው ቶርኖ ቤት አለ፣ ማሸጊያው ጋስኬት አለ፣ መኪናው ቆሞ የሚቀርብኝ ገቢ አለ። ማን ይከፍልልኛል? ገበያ ላይ ያለውን ቴርሞስታት ደግሞ ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ መለየት ከባድ ነው። የሌለ ዕቃ አይበላሽም።

መካኒክ፦ ጋሼ ያሉት ፍርሃት እውነት ነው። ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት እኔም አውጥቻለሁ። ግን ጋለ ተብሎ የሚመጣ መኪና ሁሉ ችግሩ እሱ አይደለም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "መቼ ነው የሚግለው?" ብዬ ነው። መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆም ግሎ፣ መንገድ ሲይዝ የሚወርድ ከሆነ ፋኑን አያለሁ። ዳገት ላይ ወይም ረጅም መንገድ ላይ ከሆነ ራዲያተሩን እጠረጥራለሁ። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላ የኖረ ራዲያተር ውስጡ በዝገትና በደለል ይደፈናል። ሞተሩን ካሞቃችሁ በኋላ አጥፉትና የራዲያተሩን ፊት በጥንቃቄ ዳብሱት፤ ዙሪያው ሞቆ አንድ ቦታ ከቀዘቀዘ እዚያ ውሃ አያልፍም። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሱ የራዲያተሩ የላይኛው የውሃ ጎማ (ቱቦው) ወዲያው ከጠጠረ ደግሞ የቴስታታ ጋስኬት ነገር ነው። ያኔ ቴርሞስታት አወለቃችሁ አላወለቃችሁ ለውጥ የለውም።

መሐንዲስ፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሞቆ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 (የሚይዘው ግፊት መጠን) የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን እዚህ ከተማ ውሃውን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊት አይዝም። ሞተሩ በትክክለኛ ሙቀቱ እየሠራ ውሃው ይፈላና ይተፋል። እንፋሎቱን ያየ ሁሉ ጣቱን ቴርሞስታቱ ላይ ይቀስራል። ክዳን እኮ በጣም ርካሹ ዕቃ ነው፤ ምርመራው ከእሱ ቢጀምር ምናለ?

የሚኒባስ ሹፌር፦ እህቴ፣ የእኔን ቴርሞስታት በዓይኔ ነው ያየሁት። ድስት ውስጥ ቀቅለው አሳዩኝ። ውሃው እየተንተከተከ እንኳን በደንብ አልተከፈተም። ለዚህ ነው የተጣለው።

መሐንዲስ፦ ጋሼ፣ ያሳሳተዎት ድስቱ ሊሆን ይችላል። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በ82 መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ለሙሉው 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ የሚንተከተክ ድስት ደግሞ 92 ላይ ይቆማል፤ የፈለጉትን ያህል እሳት ቢጨምሩ አያልፍም። ስለዚህ ደህናው ቴርሞስታትም እዚህ በከፊል ብቻ ተከፍቶ ይታያል። 88 የተጻፈበት ከሆነማ ትንሽ ነው የሚነቃነቀው። በሙቀት መለኪያ አስይዘው በተጻፈበት ዲግሪ አካባቢ መንቀሳቀስ መጀመሩን ይዩ፣ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ መዘጋቱን። ስንት ደህና ቴርሞስታት በዚህ ምክንያት እንደተጣለ ሳስብ ያናድደኛል።

የኮሮላ ባለቤት፦ የእኔም ወልቋል። ከተማ ውስጥ የሙቀት ጌጁ ከታች አይነሳም። ይሄ ጥሩ ነገር አይደለም እንዴ?

መካኒክ፦ አይደለም ወንድሜ። ሞተር ሳይሞቅ ሲሠራ ቤንዚን ይበላል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት፣ አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ ከሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ሥራ የምትገባው። ሌላም አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ በሌላኛው ጫፉ ራዲያተሩን ዘልሎ የሚዞረውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወልቅ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተር ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ጌጁ ከታች ሆኖ ዳገት ላይ ግን ሊግል ይችላል።

የኮሮላ ባለቤት፦ እንጦጦ ስወጣ እኮ ይነሳል! ነዳጁ ጨመረ ስል የኖርኩትም በዚህ ነው ማለት ነው?

መካኒክ፦ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግን እኔም ሳላየው አልፈርድም። የታችኛውን የውሃ ጎማም አሳይ፤ ሞተሩ ሲጮህ ተጣብቆ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃው አይሳብም።

አስጀማሪ፦ እኔ እንደሚመስለኝ የቦሎ ምርመራ ላይ የማቀዝቀዣው ግፊት ቢለካ ጥሩ ነው። በእጅ የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ ነው፣ ክዳኑንም የውሃ መስመሩንም ይፈትሻል። መንገድ ላይ የሚቆም መኪና ይቀንሳል።

የሚኒባስ ሹፌር፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ለቦሎ የሚጨመር ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኛ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ክፍያም ሰልፍም። ቁጥጥር ከተፈለገ ዕቃው አገር ሲገባ ይሁን። እኔ ላይ ከመድረሱ በፊት።

መሐንዲስ፦ በዚህኛው ከጋሼ ጋር ነኝ። የተጻፈበት ቁጥር ላይ የማይከፈት ቴርሞስታት መጀመሪያውኑ መሸጥ የለበትም። ገዢው እንዲመረምር መተው ፍትሕ አይደለም።

የሚኒባስ ሹፌር፦ ክዳኑን ከቀጣዩ የደጀን ጉዞ በፊት አስፈትሻለሁ፤ እሱ አሳምኖኛል። ቴርሞስታቱን የምመልሰው ግን ኦሪጅናሉን የሚለይልኝ ሰው ሳገኝ ነው።

መካኒክ፦ እንግዲያው ጋሼ፣ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው ላይ ሲገዙ "ካልሠራ እመልሳለሁ" ብለው ከባለሱቁ ጋር ይስማሙ። ከመታሰሩ በፊት ይዘውልኝ ይምጡ። የሙቀት መለኪያ አለኝ፣ አብረን እናየዋለን።