ስስ ፊልም ላይ ይቺ 6.45 ኪሎ ኦም ከየት መጣች?

ብርዱ_ገደለኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሃቪላንድ፣ ሊዩና ጎልድማን በ1989 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን የቢስመዝ (ብረት ነው) ስስ ፊልም፣ ማለትም በጣም ቀጭን ሽፋን፣ ሙከራ እያየሁ ነበር። ፊልሙን በጣም በቀዘቀዘ ነገር ላይ ትንሽ በትንሽ እያወፈሩ ይለካሉ። ስሱ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ሽቅብ ይተኮሳል፣ ኢንሱሌተር (ከረንት የማያሳልፍ) ነው። ትንሽ ሲወፍር ግን ቁልቁል ወርዶ ዜሮ ይገባል፣ ሱፐርኮንዳክተር (ከረንትን ያለ ሬዚስታንስ የሚያሳልፍ) ሆነ ማለት ነው። መሀል ላይ ያለው ድንበር 6.45 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። የፊልሙ ርዝመትና ስፋትስ የት ገባ? ደግሞ የኔ ናሙና ሬዚስታንስ ከ100 ሚሊኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ በላይ 0.1 ዲግሪ) በታች መውረዱን አቁሞ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ዜሮም አልገባ፣ ሽቅብም አልተተኮሰ። አዲስ ሜታል አገኘሁ ልበል?

ካሬ_ሜዳ፦
የመጀመሪያው ቀላል ነው። ከፊልሙ ካሬ ቁረጥና ከዳር እስከ ዳር ለካው። ካሬው ትልቅም ሆነ ትንሽ ቁጥሩ ያው ነው፤ መንገዱ እጥፍ ሲረዝም ስፋቱም እጥፍ ስለሚሆን ይጣፋል። ለዚህ ነው «ኦም በካሬ» የምንለው። 6.45 የፕላንክ ቁጥር (የኳንተም ፊዚክስ ቋሚ ቁጥር) ለኤሌክትሮን ቻርጅ ካሬ 4 እጥፍ ሲካፈል የሚወጣው ነው። 4ቷ የመጣችው ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ሆነው ስለሚሄዱ ነው፦ ቻርጁ 2 እጥፍ፣ ካሬው 4 እጥፍ። በ1990 የፊዚክስ ሊቁ ማቲው ፊሸር ያለው ደግሞ ይገርማል፦ ኢንሱሌተሩ ውስጥም ጥንዶቹ አልፈረሱም፣ ባሉበት ታስረው ነው እንጂ፤ እንደልብ የሚሄዱት ቮርቴክሶቹ (የከረንት አዙሪቶቹ) ናቸው።

ማጣሪያ_የት_አለ፦
ካሬ ሜዳ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ያቺን ቁጥር እንደ ሕግ አትያዟት። ኢንዲየም ኦክሳይድ የሚባለውን ሌላ ፊልም፣ በውፍረት ፈንታ ማግኔት እየጨመርክ ስትለካው ድንበሩ ከናሙና ናሙና ይለያያል።

ጠያቂው፣ እልል ከማለትህ በፊት ሽቦህን እይ። ቴርሞሜትሩ የሚነግርህ ናሙናው የተቀመጠበትን የመዳቡን ሙቀት ነው እንጂ የኤሌክትሮኖቹን አይደለም። በዚያ ብርድ ኤሌክትሮኖቹ ሙቀታቸውን ለክሪስታሉ የሚያስረክቡት በጣም ቀስ ብለው ነው፣ ስለዚህ በሽቦው ሾልኮ የገባ ትንሽ የሬዲዮ ሞገድ እነሱን ለማሞቅ ይበቃል። በ2019 ኢንዲየም ኦክሳይድና ኒዮቢየም ዳይሴሌናይድ ላይ ይህን ሞገድ የሚያግድ ማጣሪያ ሽቦው ላይ ሲገባ ያ «ሜታል» ድራሹ ጠፍቷል። ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፣ ክርክሩ ገና ነው። ከረንቱም ራሱ ኤሌክትሮኖቹን ሊያሞቅ ስለሚችል፣ መጀመሪያ እሱን በግማሽ ቀንስና ንገረን።

ብርዱ_ገደለኝ፦
ቀነስኩት። መስመሩ ዝቅ አለ፣ ዜሮ ግን አልገባም 😅 ማጣሪያ ለመግጠም ማቀዝቀዣውን በሙሉ ማሞቅ አለብኝ፣ ሳምንቴ አለቀ በሉት።