ጥያቄ፦ በሥራ ቦታ ማይክሮዌቭ፣ በእንፋሎት ከረጢት ምሳ ማብሰል ይቻላል?

ጠያቂ (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ሲሆን የምሳ ዕረፍታችን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ በማረፊያ ክፍሉም ከአንድ ማይክሮዌቭ በቀር ሌላ ማብሰያ የለም። በአቅራቢያው የሚሸጠው ምግብ አብዛኛው አይብ ወይም ቅቤ ስላለበት፣ በጾም ወቅት አትክልት ቤቴ ከትፌ በመውሰድ በማይክሮዌቭ የእንፋሎት ከረጢት (ምግቡን በራሱ እንፋሎት በሚያበስል የፕላስቲክ ከረጢት) ለማብሰል አስቤአለሁ። ድንች፣ ካሮትና ፎሶሊያ አንድ ላይ ይበስላሉ? ዘይትና በርበሬስ እዚያው ይጨመራል? ጾሙ ሲፈታ ዶሮ ለማብሰልና ከረጢቱን አጥቦ ደግሞ ለመጠቀምስ ይሆናል?

መልስ ፩ (ምግብ ቤት የምሠራ፣ ሲያትል)

ይበስላሉ፤ ሆኖም ሦስቱ እኩል አይደርሱም። ከረጢቱ የሚያበስለው በአትክልቱ ውስጥ ያለው ውኃ ሞቆ እንፋሎት ሲሆንና ያ እንፋሎት ታፍኖ ሲቆይ ነው፤ ትርፉ ለዚሁ በተሠራው ቀዳዳ ስለሚወጣ ቀዳዳው ያለበት ወገን ወደ ላይ ሆኖ ከረጢቱ በጠፍጣፋው መተኛት አለበት። ድንቹንና ካሮቱን ከሁለት ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ መጠን ቁረጧቸው፤ ፎሶሊያውን ግን እንዳለ ተዉት። ከረጢቱን እስከ አፉ መሙላት አይገባም፤ አትክልቱ በስሱ ካልተነጠፈ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ሲጨርስም ወዲያው ሳይከፍቱ አንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ፣ ከዚያም አፉን ከፊት አርቆ መክፈት ያስፈልጋል። እንፋሎቱ ክፉኛ ያቃጥላል።

መልስ ፪ (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጄ፣ በርበሬውን ከረጢት ውስጥ አትጨምሪ። በርበሬ ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ቀስ ብሎ ካልተቁላላ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ይህን ደግሞ የአራት ደቂቃ እንፋሎት አይሠራልሽም። እኔ ቅዳሜ ቁሌቱን በብዛት አዘጋጅቼ በትንንሽ ዕቃ አቀዘቅዛለሁ፤ አትክልቱ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ የሞቀውን ቁሌት ከላዩ አፍስሶ ማማሰል ይበቃል። ለአልጫም እንዲሁ አድርጊ፣ እርድ ከረጢቱንም የማይክሮዌቩንም ሳህን ያቀልማልና። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ግን አብረው ቢገቡ ጥሩ መዓዛ ይሰጣሉ።

መልስ ፫ (የምግብ ደኅንነት ሥልጠና የወሰድኩ፣ ዴንቨር)

ዶሮ ይቻላል፣ ግን አጥንት የሌለው፣ በረዶው ሙሉ በሙሉ የለቀቀና በስሱ የተቆረጠ ይሁን። ማይክሮዌቭ አንዱን ወገን አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ሊተው ስለሚችል በቀለሙ አይፍረዱ፤ ወፍራሙ ክፍል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 165 ፋረንሃይት መድረሱን በምግብ ቴርሞሜትር ማረጋገጥ ይሻላል። ጥሬውን እስከ ምሳ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት፤ ግማሽ አብስሎ ለነገ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ከረጢቱን አጥበው ዳግመኛ አይጠቀሙበት፣ ለአንድ ጊዜ የተሠራ ነው። በተለይ በተራ ፌስታል ወይም በማስቀመጫ ከረጢት አይተኩት፦ ብዙዎቹ የሚሠሩበት ፖሊኤትሊን 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ለማይክሮዌቭ የሚመረጠው ፖሊፕሮፒሊን ግን የሚቀልጠው 160 ገደማ ላይ ነው። ውኃ ከ100 ብዙም አያልፍም፣ ዘይትና ስኳር ግን ያልፋሉ፤ ስለዚህ ዘይቱ አትክልቱ ከበሰለ በኋላ ይግባ። በእኔ አስተያየት ክዳን ያለው የመስታወት ሳህንና ሁለት ማንኪያ ውኃ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ክዳኑን ትንሽ ገለጥ አድርገው ይተዉት። ወጪም ይቀንሳል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው አራት ደቂቃ ቢሆንም ድንቹ መሐሉ ጠጥሮ ወጣ። ማይክሮዌቩ በስተጀርባው 700 ዋት ይላል። የደረቀ ምስርስ በዚሁ ይበስላል?

መልስ ፩

ችግሩ ዋቱ ነው። የማሸጊያ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ወደ 1,100 ዋት የሚጠጋ ኃይል ያለውን ማይክሮዌቭ አስበው ስለሚጻፉ፣ አራቱ ደቂቃ በእርስዎ ማይክሮዌቭ ስድስት ያህል ይሆናል። መጀመሪያ አምስት ሰጥተው፣ ከረጢቱን አዙረው አንድ ደቂቃ ይጨምሩ። ፎሶሊያ ከድንች ቀድሞ ስለሚደርስ ለብቻው ቢሆን ይመረጣል።

ምስር በከረጢት አይሆንም። ደረቅ ጥራጥሬ ብዙ ውኃ ጠጥቶ መፍላት ስላለበት ይገነፍላል፤ ቤትዎ ቀቅለው ያምጡትና እዚያ ያሙቁት።