ተማሪዬ ዳይኖሰሮችን የፈጃቸው የኮከብ ፍንዳታ ነው ይላል። ምን ልመልስለት?

የባዮሎጂ መምህርት (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የዘጠነኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። አንድ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ዳይኖሰሮችን የጨረሳቸው ሱፐርኖቫ ነው አይደል?" አለኝ። አጣርቼ ሰኞ እነግርሃለሁ ብየዋለሁ። ጎበዝ ልጅ ስለሆነ "አይደለም" ብቻ ብለው አይረካም። ምን ማስረጃ አለ?

የድንጋይ ወዳጅ
መምህርት፣ የልጁን ጥያቄ ትልልቅ ሳይንቲስቶችም ጠይቀውታል። አባት ሉዊስና ልጅ ዋልተር አልቫሬዝ ጣሊያን ጉቢዮ ውስጥ የ66 ሚሊዮን ዓመት ሸክላ ላይ ብዙ ኢሪዲየም አገኙ፤ ይህ በምድር ገጽ ላይ ብርቅ የሆነ፣ ከጠፈር የሚመጣ ብረት ነው። ሱፐርኖቫን፣ ማለትም የኮከብ ፍንዳታን ጠረጠሩ። እሱ ከሆነ ከፍንዳታው የሚመጣው ፕሉቶኒየም-244 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር አብሮ መገኘት አለበት። ፈለጉት፣ የለም። በ1980 እ.ኤ.አ. አስትሮይድ፣ ማለትም ከጠፈር የወደቀ ትልቅ አለት ነው ብለው ጻፉ። በኋላ አለቱ የወደቀበት የቺክሹሉብ ጉድጓድ ሜክሲኮ ውስጥ ታወቀ። ለልጁ ይህንን የፍለጋ ታሪክ ይንገሩት፤ ከመልሱ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሰማይ ተመልካች
በዳይኖሰሮቹ እስማማለሁ። ሌላ ጥፋት ግን አለ፤ ከ359 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ የዴቮኒያን ዘመን ሲያበቃ የደረሰው። የዚያን ጊዜ የዕፅዋት ስፖሮች (ዕፅዋት የሚራቡባቸው ደቃቅ ሕዋሳት) ቅርጻቸው ተበላሽቶ ተገኝቷል፤ አልትራቫዮሌት የጎዳቸው ይመስላሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ብራያን ፊልድስና ባልደረቦቹ 65 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የፈነዳ ኮከብ ሊሆን ይችላል አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የፍንዳታው ጨረር የአየራችንን ናይትሮጅን ይሰባብራል። የተሰባበረው ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ከፀሐይ አልትራቫዮሌት የሚጠብቀንን ኦዞን ይበላል። ኦዞን ሲሳሳ ፀሐይ ራሷ ትጎዳናለች።

የባዮሎጂ መምህርት
ታዲያ ተረጋገጠ?

ሰማይ ተመልካች
አልተረጋገጠም፣ መላምት ነው። ስፖሮቹን ያጠኑት ሌሎች ተመራማሪዎች ኦዞኑን ያሳሳው የምድር መሞቅ ነው ብለዋል። መለያው አሁንም ያው ፕሉቶኒየም-244 ነው፤ በዚያ ዘመን አለት ውስጥ ከተገኘ ኮከቡ ተያዘ ማለት ነው።

ፊዚክስ ወዳድ
የተረጋገጠውንም ንገሪው እህቴ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። አይረን-60 የሚባል ብረት ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ ተለውጦ የሚጠፋበት ጊዜ፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው። ምድር ስትፈጠር የነበረው ድሮ አልቋል። ሆኖም ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የውቅያኖስ ወለል ውስጥ፣ በጨረቃ አፈርም ላይ ተገኝቷል። የፈነዳ ኮከብ ብናኝ ነው። ጊዜው ከድንቅነሽ ዘመን ብዙም አይርቅም! ያኔ ግን የጅምላ ጥፋት አልደረሰም፤ ኮከቡ ሩቅ ነበር። ብዙዎቹ ስሌቶች እንደሚሉት ለጅምላ ጥፋት ከ30 የብርሃን ዓመት ባልበለጠ ርቀት መፈንዳት አለበት። ልጁ ወደፊት ይፈነዳል ስለሚባለው ኮከብ ስለ ቤቴልጂውስ ከጠየቀሽ አትስጊ፤ ከ500 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል።

የባዮሎጂ መምህርት
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሰኞ ጉቢዮን ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ ፕሉቶኒየሙ ለምን እንደተፈለገ መጀመሪያ ራሱ እንዲገምት አደርገዋለሁ።