በሸራ ጀልባ ላይ እኔ ስደሰት ባለቤቴ ትሰጋለች፤ እንዴት አብረን እንጓዝ?

ጠያቂው፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው በሜሪላንድ ነው። እኔ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሸራ ጀልባ መንዳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ባለፈው ዓመትም 27 ጫማ ርዝመት ያላት አሮጌ ጀልባ ገዝቼ አናፖሊስ አጠገብ አስሬአታለሁ። ባለቤቴ ባሕር ዳር ተወልዳ ጣናን እያየች ያደገች ብትሆንም ዋና አትችልም። ነፋሱ ልስልስ ባለ ቀን ቡና በፔርሙዝ ይዛ አብራኝ ትወጣለች፤ ጀልባዋ ወደ ጎን ማዘንበል ስትጀምር ግን የጎኑን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ዝም ትላለች።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የቶማስ ፖይንትን የመብራት ማማ አልፈን ስንመለስ ነፋሱ በድንገት በረታ። ጀልባዋ እንደምትችለው ስለማውቅ «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» እያልኩ ሸራውን ሳላሳጥር፣ ማለትም ነፋስ የሚይዘውን ስፋት ሳልቀንስ፣ ቀጠልኩ። ወደብ ስንደርስ «እኔ ፈራሁ ስልህ መልስህ ሁልጊዜ ምንም አይደለም ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልተሳፈረችም፤ ቃሏም ከልቤ አልወጣም። ጀልባዋን ልሽጥ፣ ብቻዬን ልውጣ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

እህት ከቨርጂኒያ፦
ወንድሜ፣ ባለቤትዎ በተቀመጡበት ቦታ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁና ከዚያ ሆኜ ልንገርዎ። በአገራችን በታንኳ ወይም በትንሽ ጀልባ የተሳፈረ ሰው ጀልባ ሲያዘነብል ልንገለበጥ ነው ይላል፤ ለዚያ ዓይነቱ ጀልባ ፍርዱ ትክክል ነው። የእርስዎ ጀልባ ግን ከሆዷ በታች ኪል የሚባል ከባድ ክብደት አላት፤ ስታዘነብል ያ ክብደት ወደ ጎን እየወጣ መልሶ ያቀናታል፣ ሸራውም በተጋደመ ቁጥር የሚይዘው ነፋስ ይቀንሳል። ይህን ባለቤቴ ደጋግሞ ቢነግረኝም አላመንኩትም። ያመንኩት እርሱ በሌለበት አንዲት አስተማሪ መሪውን አስይዛኝ «አሁን የሸራውን ገመድ ልቀቂው» ባለችኝ ቀን ነው። ለቀቅኩት፤ ሸራው ተርገበገበ፣ ጀልባዋ ቀና አለች፣ ፍጥነቷም ወደቀ።

ፍርሃቴ በዚያ ቀን አልጠፋም። ነገር ግን ከዚያ በፊት በፈራሁ ጊዜ የነበረኝ መውጫ ባለቤቴን መለመን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በገዛ እጄ ጀልባዋን ማቆም እንደምችል አወቅሁ። ስለዚህ እባክዎ እርስዎ አያስተምሯቸው። በነፋስ መካከል ለመሰማት መጮህ ግድ ነው፣ የባል ጩኸት ደግሞ ለሚስት ጆሮ ቁጣ ሆኖ ይደርሳል።

የቆየ ባሕረኛ፦
እህታችን ባሉት እስማማለሁ፤ የእኔ ቃል ለእርስዎ ነው። በዚያ ቅዳሜ ሸራውን አለማሳጠርዎ ስሕተት ነበር፣ ለባለቤትዎ ስሜት ብቻ ሳይሆን ለጀልባዋም። እንዲህ ያለች ጀልባ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አልፋ ስታዘነብል መሪው ይከብዳል፣ ወደ ጎን መንሸራተቷ ይበዛል፣ ብዙውን ጊዜም ፍጥነቷ ይቀንሳል። ቼሳፒክ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ቢረዝምም አማካይ ጥልቀቱ 7 ሜትር አይሞላም፤ ነፋስ በዚህ ዓይነት ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚያስነሳው ሞገድ አጭርና ተደጋጋሚ ስለሆነ ጀልባን ክፉኛ ያንገጫግጫል። በሙቀቱ ወራት ነጎድጓዳማው ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በኩል ስለሚመጣ፣ በማለዳ ወጥቶ እኩለ ቀን ሳያልፍ መመለስ ከብዙ ጭንቀት ያድናል።

እኔና ባለቤቴ አንድ ስምምነት አለን። ከሁለታችን አንዳችን «ይብቃ» ካልን ሸራው ያጥራል ወይም ፊታችንን እንመልሳለን፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ወደብ እስክንደርስ ክልክል ነው። እስከ ዛሬ ባለቤቴ ይህን ቃል የተናገረችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቃሉ እንደሚከበር ማወቋ ራሱ ፍርሃቷን አቅልሎላታል።

ሌላ ተሳታፊ፦
በአንድ ነገር ከሁለታችሁም እለያለሁ፤ ባለቤታቸው ከተማሩ በኋላ የሚወዱት አድርጋችሁ የምታስቡ ይመስላል፣ ላይወዱትም ይችላሉ፣ መብታቸው ነው። የእኔ ባለቤት ከብዙ ሙከራ በኋላ አልፈልግም አለች። አሁን እኔ በሸራ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ሴንት ማይክልስ ከተማ ስሄድ እርሷ ቤይ ብሪጅ የሚባለውን የባሕረ ሰላጤውን ድልድይ በመኪና ተሻግራ ትመጣለች፤ እራታችንን አብረን እንበላለን። በዚህ ቅር የተሰኘ ሰው በቤታችን የለም።

አብረው የሚወጡ ከሆነ ግን ሊዘነጋ የማይገባው ነገር፣ እርስዎ ውኃ ውስጥ ቢወድቁ ጀልባዋ ላይ የሚቀሩት ባለቤትዎ ብቻ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሸራውን መልቀቅ፣ ሞተሩን ማስነሳትና በሬዲዮ ቻናል 16 እርዳታ መጥራት ሳይችሉ ከወደብ አትራቁ። ሁለታችሁም ተንሳፋፊ ጃኬት ከመሳፈራችሁ እስከ መውረዳችሁ አታውልቁ፤ በተለይ በጸደይ፣ አየሩ ሞቆ ሳለ ውኃው ገና ቀዝቃዛ ስለሚሆን ጎበዝ ዋናተኛም ጉልበቱ ቶሎ ይከዳዋል።

ጠያቂው፦
ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ስለዚያ ቅዳሜም ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ ሸራው ገመድ የተጻፈውን እንድደግምላት ጠየቀችኝና «እርሱን እኔ እይዛለሁ» አለች። ዋና ለመማር ተመዝግባለች፤ እስክትጨርስ ጀልባዋ አትነሣም። በአናፖሊስ አካባቢ የምታስተምር ሴት የምታውቁ ካላችሁ በግል ብትጽፉልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።